የሞንቲ ፓይተን «በራሪ ሰርከስ» በተመልካቾቹ ዓይን

«የሞንቲ ፓይተን በራሪ ሰርከስ» በእንግሊዝ አገር በቢቢሲ ቴሌቪዥን ከኦክቶበር 5 ቀን 1969 እስከ ዲሴምበር 1974 በአራት ዙር፣ በጠቅላላው በ45 ክፍሎች የቀረበ የአጫጭር አስቂኝ ጭውውቶች ዝግጅት ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድርሰቱንም ትወናውንም የያዙት ስድስት ወጣቶች ነበሩ። ግርሃም ቻፕማን፣ ጆን ክሊስና ኤሪክ አይድል በኬምብሪጅ፣ ቴሪ ጆንስና ማይክል ፔሊን ደግሞ በኦክስፎርድ የተማሩ ሲሆኑ፣ ስድስተኛው ቴሪ ጊሊያም ከአሮጌ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች እየቆራረጠ ጭውውቶቹን የሚያያይዝ አኒሜሽን የሚሠራ አሜሪካዊ ነበር። ዛሬ እንደ ቅርስ የሚቆጠረው ይህ ዝግጅት በዘመኑ ተመልካቹን ብቻ ሳይሆን ያሰራጨውን ድርጅት ጭምር ለሁለት የከፈለ ነበር።

የክፍፍሉን ምክንያት ለመረዳት ተመልካቹ ምን ለምዶ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። በጊዜው አንድ ጭውውት መነሻ ነበረው፣ እየከረረ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ሁሉንም በሚያስቅ አንድ ንግግር ይቋጫል። ኮሜዲያኑ ስፓይክ ሚሊጋን ይህን ሥርዓት ማፍረስ የጀመረው ትንሽ ቀደም ብሎ በዚያው በ1969 ነው፤ ፓይተኖቹ ግን ከነጭራሹ መቋጫውን ጣሉት። በዲሴምበር 1969 በታየው በታዋቂው የሞተ በቀቀን ጭውውት ደንበኛው የገዛው ወፍ መሞቱን ሲያስረዳ ሻጩ «ዐርፎ ነው እንጂ» እያለ ይከራከራል፤ ክርክሩ ሳይፈታ የጦር መኮንን ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ ነገሩ ቂልነት እንደበዛበት ተናግሮ ያስቆመዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከላይ የሚወርድ ግዙፍ እግር ሁሉን ይደፈጥጠዋል። በሳቅ እንዲያሳርፉት የሚጠብቅ ሰው በእንዲህ ያለ አጨራረስ ቢበሳጭ አይፈረድበትም።

አጀማመሩም ለወዳጅ ማፍራት የተመቸ አልነበረም። የሚተላለፈው እሑድ በእኩለ ሌሊት ዋዜማ ሲሆን፣ አንዳንድ የቢቢሲ ክልላዊ ጣቢያዎችም በሰዓቱ የራሳቸውን ፕሮግራም ያስተላልፉ ስለነበር የሀገሪቱ ተመልካች በሙሉ አንድ ላይ አላየውም። ከመጀመሪያዎቹ የስቱዲዮ ታዳሚዎች መካከል በስሙ ተታለው እውነተኛ ሰርከስ ሊያዩ የመጡ አረጋውያን እንደነበሩ ይነገራል። በአንጻሩ ተማሪዎችና ወጣቶች ቶሎ ወደዱት፤ ለመውደድም ወላጆቻቸው አለመረዳታቸው ሳያግዛቸው አልቀረም።

ዝግጅቱን ከሌሎች አወዛጋቢ ፕሮግራሞች የሚለየው ግን የተመልካችን ቅሬታ አስቀድሞ ጽፎ ማቅረቡ ነው። ከጭውውት በኋላ «በጥብቅ መቃወም እፈልጋለሁ» የሚል ደብዳቤ ይነበባል፤ ደብዳቤው የክብር ማዕረግ በደረደረ ሰው የተፈረመ ይመስላል፣ የጻፉት ግን ራሳቸው ተዋናዮቹ ናቸው። በመንገድ ላይ የሚጠየቁት «ተራ ሰዎች» ስለ ዝግጅቱ ያልበሰለ ትችት ይሰነዝራሉ፤ እነርሱም የተሸፋፈኑ ፓይተኖች ናቸው። በመሆኑም እውነተኛ ተቆጪ ተመልካች ብዕሩን ሲያነሳ፣ ሊጽፍ ያሰበውን ከአንድ ሳምንት በፊት ሲሳቅበት አይቶት ሊሆን ይችላል።

ይህ ዘዴ ጫፍ የደረሰው በዲሴምበር 1970 ነው። የሁለተኛው ዙር ማብቂያ በሆነው ጭውውት አንድ ሰው የእናቱን አስከሬን በከረጢት ይዞ ወደ ቀብር አስፈጻሚ ይሄዳል፤ አስፈጻሚውም ከመቅበር ይልቅ መብላት እንደሚቻል ያማክረዋል። ቢቢሲ ጭውውቱን የፈቀደው የስቱዲዮው ታዳሚ ተቃውሞውን በግልጽ እንዲያሳይ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነበር። ታዳሚው እንደተነገረው ጮኸ፣ በመጨረሻም ወደ መድረኩ ተንጋግቶ ወጣ። ትዕዛዝ የወለደው ቁጣ ከእውነተኛው የማይለይ ሆነና፣ አለቆቹ ለመከላከያ ያሰቡት ነገር ራሱ የቀልዱ ምርጥ ክፍል ሆኖ አረፈው።

ከስርጭቱ በኋላ በተካሄደው የቢቢሲ ኃላፊዎች ስብሰባ የተሰነዘሩት አስተያየቶች በድርጅቱ ማኅደር ተጠብቀዋል። አንዱ አጸያፊ ነው ሲል፣ ሌላው ጨካኝና ምንም እሴት የማያከብር ነው ብሎታል፤ የመዝናኛ ክፍሉ ኃላፊ ቢል ኮተን በበኩሉ ቡድኑ ራሱን ለሞት የሚጋብዝ መስሎ እንደታየው ተናግሯል። ሆኖም ዝግጅቱ አልተቋረጠም። በ1971 በስዊዘርላንድ ለሚካሄደው ለሞንትሮ የቴሌቪዥን ፌስቲቫል የተዘጋጀው ልዩ ቅንብር የብር ጽጌረዳ ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ለምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን የመጀመሪያውን ልዩ ክፍል ቋንቋውን ሳይችሉ በጀርመንኛ እየሸመደዱ ሠሩ። ክሊስ ራሳችንን መድገም ጀምረናል በሚል ስሜት ከአራተኛው ዙር ቀርቷል፤ ስድስት ክፍሎች ብቻ ያሉት ያ የመጨረሻ ዙር ደካማው ነው የሚለውን ፍርድ ብዙ አድናቂዎችም ይጋሩታል።

የአሜሪካ ተመልካች ጉዳይ ለብቻው መታየት ይገባዋል። በ1974 የዳላስ ሕዝባዊ ጣቢያ ማስተላለፍ ሲጀምር ዝግጅቱ ያልተጠበቀ ተቀባይነት አገኘ፤ ሌሎች ሕዝባዊ ጣቢያዎችም ተከተሉት። በቀጣዩ ዓመት ኤቢሲ የተባለው የንግድ ኔትወርክ ሦስት ክፍሎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲያሳይ ከ90 ደቂቃው 24ቱን ቆርጦ አወጣ። ቡድኑ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1976 የሁለተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለቡድኑ ፈረደ፤ ውሳኔው ዛሬም የደራሲ መብት ሲነሳ ይጠቀሳል። የፓይተኖቹ ክርክር በዋናነት ተመልካቹን የሚመለከት ነበር፦ ተቆራርጦ የቀረበለት ሰው የሚሰጠው ፍርድ በእኛ ሥራ ላይ የተሰጠ አይደለም።

ከዘመን በኋላ የመጣው ትችት ከጥንቱ የተለየ ነው። አሁን የሚያስቆጣው የአስከሬኑ ቀልድ ሳይሆን ሴቶች የያዙት ቦታ ነው። አሮጊቶቹን ወንዶቹ ራሳቸው ቀሚስ ለብሰው በቀጭን ድምፅ ይጫወቷቸዋል፤ ተዋናይቷ ካሮል ክሊቭላንድ አዘውትራ ብትታይም በአብዛኛው የተሰጣት የቆንጆ ሴት ሚና ነበር። በ2018 አንድ የቢቢሲ ኮሜዲ ኃላፊ ዛሬ ቡድን ቢዋቀር ስድስት የኦክስብሪጅ (የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ) ነጭ ወንዶች እንደማይሆኑ ሲናገር፣ ጊሊያም በንዴት መልሶለታል። በእኔ ግምት ትችቱ ተገቢ ነው፤ አሮጊቶቹ ግን እስካሁን ያስቃሉ።

ዝግጅቱን አይቶት የማያውቅም ሰው ቃላቱን ይዟል። ሳይፈለግ በገፍ ለሚመጣ መልእክት የምንጠቀምበት «ስፓም» የመጣው በ1970 ከቀረበ ጭውውት ነው፤ በዚያ ጭውውት የአንድ የታሸገ ሥጋ ስም በመዝሙር እየተደጋገመ ሌላ ንግግር አላሰማ ይላል። ፓይተን የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋም ስሙን ያገኘው ከእባቡ ሳይሆን ከዚሁ ቡድን ነው።

በጁላይ 2014 በሕይወት የቀሩት አምስቱ በለንደን ለ10 ምሽቶች ወደ መድረክ ሲመለሱ የመጀመሪያው ምሽት ትኬት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተሸጠ። ከ45 ዓመት በፊት ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት አቅቶት ይናደድ የነበረው ተመልካች አሁን እያንዳንዱን ቃል በቃሉ ያውቀዋል፤ በቀቀኑ ገና ከወፍ ቤቱ ሳይወጣ ጭብጨባው ይጀምራል።