ስለ ብራህማፑትራ ወንዝ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

«ቻይና ቲቤት ላይ ግድብ ከሠራች ብራህማፑትራ አለቀለት፣ ውሃው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።» ግዙፉ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2025 መገንባት ሲጀምር ይህ ወሬ በየቦታው ተናፈሰ። ግን ልክ አይደለም። ቲቤት ከሂማላያ ጀርባ ስለሆነች ከባሕር የሚነሳው የክረምት ዝናብ ብዙም አይደርስባትም። ዝናቡ የሚወርደው ከተራራው በስተደቡብ፣ አሩናቻል ፕራዴሽና አሳም በሚባሉት የሕንድ ግዛቶች ላይ ነው፤ አብዛኛው የወንዙ ውሃም የሚገኘው እዚያ ነው። ግድቡ አያሰጋም እያልኩ አይደለም። ውሃው መቼ እንደሚለቀቅና ደለሉ የት እንደሚቀር የታችኛውን አገር ገበሬ በቀጥታ ይነካዋል።

«ከሂማላያ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል» የሚሉም አሉ። ካርታውን እስቲ እዩት። ምዕራብ ቲቤት ውስጥ ከበረዶ ግግር ይነሳና ያርሉንግ ሳንግፖ እየተባለ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ 7,782 ሜትር ከፍታ ያለው ናምቻ ባርዋ ጋ ሲደርስ ተጠምዝዞ በአስፈሪ ገደል ውስጥ ተራሮቹን ሰንጥቆ ወደ ሕንድ ይገባል። እዚያ ሲያንግ ይባላል። ዲባንግና ሎሂት ሲቀላቀሉት ብራህማፑትራ ይሆናል፣ ባንግላዴሽ ሲገባ ደግሞ ጃሙና።

ሳንግፖና ብራህማፑትራ አንድ ወንዝ መሆናቸውም ዱሮ ለሁሉም ግልጽ የነበረ ይመስለናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካርታ ሰዎች ገና እየተከራከሩበት ነበር። ማንበብና መጻፍ የማይችለው የሲኪም ሰው ኪንቱፕ በ1880 ወንዙን ተከትሎ እንዲያጣራ ተላከ። የጉዞ መሪው መነኩሴ በባርነት ሸጠው። አመለጠ፣ ቢያዝም ተስፋ አልቆረጠም፤ 500 ግንዶች ቆርጦ ምልክት አደረገባቸውና በቀን 50 እየለቀቀ ወደ ወንዙ ሰደዳቸው። ግንዶቹ ታች ብራህማፑትራ ላይ ከታዩ ወንዙ አንድ ነው ማለት ነበር። መቼ እንደሚለቃቸው የላከው መልእክት ግን በጊዜው ስላልደረሰ ታች ሆኖ የሚጠብቃቸው አልነበረም፣ ግንዶቹን ማንም ሳያይ ሄዱ። ያን ሁሉ መከራ ችሎ የተሰጠውን ሥራ የፈጸመ ሰው ከዚህ በላይ ሊታወቅ በተገባው ነበር። ነገሩ በቦታው የተረጋገጠው ቤይሊና ሞርስሄድ የተባሉ የእንግሊዝ መኮንኖች በ1913 ገደሉን ከሰለሉ በኋላ ነው።

«ወንዝ ቦታውን አይለቅም» የሚለውም እዚህ አይሠራም። በ1787 ከደረሰው ትልቅ ጎርፍ ወዲህ ባንግላዴሽ ውስጥ ዋናው ውሃ ወደ ምዕራብ ዞሮ የዛሬውን የጃሙና መንገድ ያዘ። በማይመንሲንግ ከተማ በኩል የሚያልፈው ትንሽ ወንዝ የቀድሞው ዋና መንገድ ነው፤ አሁንም አሮጌው ብራህማፑትራ ይሉታል።