የጣሊያን ምግብና ወይን ቅምሻ በባሕር ማዶ

አዳራሹ ኒው ዮርክ ወይም ቶኪዮ ሊሆን ይችላል። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። በየጠረጴዛው አምስት ስድስት ጠርሙስ ወይን፣ ውሃ፣ ትንሽ ዳቦና መትፊያ ባልዲ አለ። ከጠረጴዛው ጀርባ የቆመው ብዙ ጊዜ ራሱ አምራቹ ነው፤ አለዚያም ልጁ። ይህ የንግድ ቅምሻ ነው። ተጋባዦቹ አስመጪዎች፣ አከፋፋዮች፣ የሬስቶራንት ባለቤቶች፣ ለሆቴል ወይን የሚመርጡ ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች ናቸው።

ባልዲው ለአዲስ ሰው ግር ይላል። ግን በአንድ ከሰዓት 50 ዓይነት ወይን የሚቀምስ ሰው ሁሉንም ከዋጠው ማታ ላይ በእግሩ አይቆምም። የእኛ ቡና ቀማሾችም እኮ በማንኪያ ፉት ብለው ይተፉታል።

ጣሊያኖች ለዚህ ነገር ይህን ያህል የሚለፉት ወይናቸው ስመ ብዙ ስለሆነ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎችና የገበሬ ማኅበራት አሏቸው። ከእነሱ ጎን ግን ጥቂት ሄክታር ይዞ የሚኖር ቤተሰብ እጅግ ብዙ ነው። የወይን ዝርያዎቹም በመቶዎች ይቆጠራሉ። የውጭ ገዢ ዝነኛውን ቀይ ወይን ባሮሎን ሊያውቅ ይችላል። ከአንድ ትንሽ ኮረብታ የሚመጣውን፣ ስሙ ለመጥራት የሚያስቸግረውን ወይን ግን ካልቀመሰው በምን ያውቀዋል? ባሮሎ ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። ኔቢዮሎ ከሚባል የወይን ዝርያ ይሠራል፤ ቢያንስ 38 ወር ይቆያል፤ ከዚያ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ገና ለጋ ሳለ እንደ ጥሬ ሙዝ አፍ ይይዛል። አምራቹ ቆሞ «አሁን አትፍረዱበት፣ ጥቂት ዓመት ስጡት» ካላለ ገዢው ጥሎት ሊሄድ ይችላል።

በአሜሪካ ደግሞ ሕጉም ያስገድዳል። የመጠጥ ክልከላው በ1933 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከተነሳ ወዲህ ወይን ባጠቃላይ ከአስመጪ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ቸርቻሪ ነው የሚሄደው። አስመጪ ያላገኘ ገበሬ ወይኑ ቢጣፍጥም ገበያው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ቅምሻው ላይ ዋናው ፍለጋ አስመጪ ማግኘት ነው። ገና አስመጪ የሌላቸው አምራቾች ይህንኑ ጠረጴዛቸው ላይ ጽፈው ያስቀምጣሉ።

ዛሬ ያለው የጥራት ስም በቀላሉ አልመጣም። በ1986 ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል የተቀላቀለበት ወይን ከ20 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ወደ ውጭ የሚላከውም ወይን ክፉኛ አሽቆለቆለ። በዚያው ዓመት «ጋምቤሮ ሮሶ» የተባለ የምግብና የወይን ኅትመት የጋዜጣ አባሪ ሆኖ መውጣት ጀመረ። በኋላ የወይን መመሪያ አወጣ። ምርጥ ለሚላቸው ወይኖች «ትሬ ቢኪዬሪ»፣ ማለትም «ሦስት ብርጭቆ» ይሰጣል። ተሸላሚዎቹንም ይዞ ኒው ዮርክን፣ ቺካጎን፣ ሳን ፍራንሲስኮንና ቶኪዮን ይዞራል።

መንግሥትም እጁ አለበት። በ1926 የተመሠረተው የውጭ ንግድ ተቋም «ኢቼ» በ2011 እንደገና ተደራጅቶ በብዙ ከተሞች ቅምሻ ያዘጋጃል። ቬሮና ላይ በ1967 የተጀመረው ቪኒታሊ ደግሞ ከ4,000 በላይ አቅራቢዎችን የሚሰበስብ ኤግዚቢሽን ነው፤ ውጭ አገርም ዝግጅት አለው። ከ2008 የአውሮፓ ኅብረት ማሻሻያ ወዲህ ከኅብረቱ ውጭ ወይን ለማስተዋወቅ ከሚወጣው ወጪ ከፊሉን ኅብረቱ ይሸፍናል። ከ2016 ጀምሮም በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ የጣሊያን ምግብ ሳምንት በኤምባሲዎች ይከበራል፤ አዲስ አበባም አንዷ ናት። ፓስታ፣ ማኪያቶ፣ ፎርማጆ የሚሉ ቃላት ቀድመው ለገቡባት ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ ፎርማጆ ካነሳን፣ ከምግቡ ጠረጴዛ ሰው የሚሰበስበው ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚባለው አይብ መከፈት ነው። አንዱ ድፍን 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በቢላ አይቆረጥም። መጀመሪያ ቅርፊቱ ዙሪያውን በስለት ይጫራል፤ ከዚያ አጫጭር፣ ሹል ቢላዎች በተለያየ ቦታ ተሰክተው ቀስ እያሉ ይፈለቀቃል። ሲከፈት ሽታው አዳራሹን ይሞላል። ውስጡ ሸካራ ነው፤ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሹ ነጫጭ ነጠብጣቦችም አሉት። ቅርፊቱ ላይ ስሙ በነጥብ ተጽፏል፤ የተሠራበት ቤት ቁጥር፣ ወሩና ዓመቱም አለ።

ይህ ማኅተም ከባድ ጉዳይ ነው። በ2008 የአውሮፓ ፍርድ ቤት «ፓርሜዛን» የሚለውም ስም በሕግ የተጠበቀውን የፓርሚጃኖ ሬጃኖን ስም የሚያስታውስ ነው ብሏል። አሜሪካ ውስጥ ግን እዚያው የተሠራ አይብ በዚህ ስም ይሸጣል። እኔ በዚህ ከጣሊያኖቹ ጋር ነኝ። ፓርማና አካባቢዋ ያለ ገበሬ ቢያንስ 12 ወር ጠብቆ የሚሸጠውን ነገር ሌላው ስሙን ብቻ ወስዶ ሲሸጠው ደስ አይልም። በቅምሻ ላይ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማስቀመስ ከረጅም ንግግር በላይ ያስረዳል።

ቅምሻው ሲያልቅ ብርጭቆ ይሰበሰባል፤ ኪሶች በቢዝነስ ካርድ ተሞልተዋል። ብዙዎቹ ካርዶች መልስ አያመጡም። አምራቹ አገሩ ሲገባ ዋጋ ይልካል፣ ናሙና ይልካል፣ ደጋግሞ ይጽፋል። ከተሳካለት የመጀመሪያው ትእዛዝ አንድ ፓሌት፣ 600 ጠርሙስ ገደማ ሊሆን ይችላል። እሱ ግን የሚጠብቀው ሁለተኛውን ነው።