ስለ ናይትረስና ስለ ተርቦ በጎንደር የሚባለውና እውነታው

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ወጣት ባለ ተርቦ የቤንዚን መኪናውን አዘዞ ወዳለው ጋራዤ ይዞ መጣ። ተርቦ በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ጥግ ላይ ወደቆመው የብየዳ ኦክስጅን እያመለከተ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሲሊንደር ለአንድ ቀን ቢያከራዩኝ» አለኝ። በቀጭን ጎማ ከአየር ማስገቢያው ቱቦ ጋር አገናኝቶ ዳገቱን ሊሞክርበት አስቧል። ናይትረስ የሚባለው ጋዝ ኦክስጅን በማቀበል የሞተርን ጉልበት ይጨምራል ሲባል ሰምቶ፣ የብየዳው ኦክስጅንም ያው ነው ብሎ ነው። ልጁ ሞኝ አይደለም፤ ሞተር በእጁ ፈትቶ የሚገጥም፣ ያልገባውን የሚጠይቅ ልጅ ነው። የሰማው ግን ግማሹን ብቻ ነበር። ሲሊንደሩን አልሰጠሁትም፤ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ግን ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ከዚህ በታች ያለው ያን ቀን የነገርኩትና ከዚያ ወዲህ ሌሎች ወጣቶች ደጋግመው የጠየቁኝ ነው፤ በጥቅስ ውስጥ ያለው ሰው የሚለው ነው፣ ከሥሩ ያለው መልሴ።

«ናይትረስ የሚነድ ጋዝ ነው፤ ከቤንዚን የበረታ ነዳጅ ነው»

ናይትረስ ኦክሳይድ ነዳጅ አይደለም፤ ለብቻው አይነድም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1772 ያገኘው፣ የጥርስ ሐኪሞች ለማደንዘዣ የሚጠቀሙበት ያው ጋዝ ነው። ሞተር ውስጥ ያለው ሥራ ኦክስጅን ማቀበል ነው። ከክብደቱ 36 ከመቶው ኦክስጅን ሲሆን፣ በምንተነፍሰው አየር ክብደት ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን 23 ከመቶ ያህል ነው። ማቃጠያ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ ይበትነዋል፤ ኦክስጅኑም ይለቀቃል። ጉልበቱ የሚመጣው በዚያ ኦክስጅን ከሚቃጠለው ተጨማሪ ቤንዚን ነው።

ሁሉም ነገር ያለው እዚህች ላይ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልጋል። ያንኑ ቤንዚን በናይትረስ ለማቃጠል 9.6 ኪሎ ይበቃል። እንግዲህ ጋዙን ስንለቅ በልኩ ቤንዚን ካልጨመርን ሞተሩ ነዳጅ ያጥረዋል፤ ነዳጅ ያጠረው ሞተር ደግሞ ይግላል፣ ያንኳኳል (ድብልቁ ያለ ጊዜው ይፈነዳል)፣ መጨረሻ ላይ ፒስተኑን ይበላል። ናይትረስ ሞተር አቃጠለ ሲባል የምንሰማው ታሪክ አብዛኛው የቤንዚን እጥረት ታሪክ ነው።

«ሥራው ኦክስጅን ማቀበል ከሆነ የብየዳው ኦክስጅን ያው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል»

ወጣቱን ወደ እኔ ያመጣው ይህ ሐሳብ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሰማሁት ሁሉ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

የብየዳ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ በዘይት የተነካ እጅ የኦክስጅን መክፈቻን እንዳይነካ ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ንጹሕ ኦክስጅን ዘይትና ግራሶ ሲያገኝ ያለ ክብሪት ሊያቀጣጥላቸው ይችላል። አሁን የባለ ተርቦ መኪናችሁን የአየር ማስገቢያ ቱቦ ፈታችሁ ውስጡን በጣታችሁ ዳስሱት። ዘይት ታገኛላችሁ። ከሞተሩ መተንፈሻ የሚመጣው እንፋሎት ቱቦውን ሁልጊዜ ያቀባዋል። ኦክስጅኑን ልንከት ያሰብነው እዚያ ውስጥ ነው።

ናይትረስ ከዚህ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኦክስጅኑ ከናይትሮጅን ጋር ታስሮ ስለሚመጣ ከመፍታቱ በፊት አይነካም፤ ናይትሮጅኑም ቃጠሎውን ያረግበዋል። ሁለተኛ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሆኖ ነው፤ ሲለቀቅ ከዜሮ በታች 88 ዲግሪ ላይ ይፈላልና የሚገባውን አየር አጥብቆ ያቀዘቅዘዋል። የብየዳ ኦክስጅን ይህ ሁሉ የለውም። እባካችሁ፣ በትንሹ እንሞክረው የሚል ሐሳብ እንኳ አይምጣባችሁ።

«የሐኪም ቤቱን ናይትረስ መጠቀም ይቻላል፤ ቢሸት ቢተነፈስም አይጎዳም»

ለመኪና ተብሎ የሚዘጋጀው ናይትረስ ጥቂት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይጨመርበታል፤ ሰው እንዳይስበው ጉሮሮን የሚቆጠቁጥ እንዲሆን ነው። ማደንዘዣውን ሐኪሙ የሚሰጠው ከኦክስጅን ጋር ለክቶ ነው፤ ንጹሑን ጋዝ መሳብ ግን ኦክስጅን ያሳጣና ይገድላል። ደጋግሞ መሳብ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12ን ከሥራ ውጭ አድርጎ ነርቭ ይጎዳል። ለሕሙማን የመጣን ጋዝ ለመኪና ማዋል ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

«ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ጋዙን ማብዛት ያስፈልጋል»

ይህኛው ግማሹ እውነት ስለሆነ ጊዜ ልስጠው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 78 ከመቶ ያህል ነው። ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ ስትወጡ ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ተርቦ የተወደደውም ለዚህ ነው። በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ የተርቦ አውሮፕላን ሞተሩን ለመፈተን ፓይክስ ፒክ የተባለ 4300 ሜትር የሚደርስ ተራራ ላይ የወጣው ስስ አየር ፍለጋ ነበር። ናይትረስም ቢሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አውሮፕላኖች በጣም ከፍ ብለው ሲበሩ አየሩ ሲሳሳባቸው ይጠቀሙበት ነበር። ከፍታና ናይትረስ የቆየ ዝምድና አላቸው ማለት ነው።

ስህተቱ ቀጥሎ ያለው ነው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው የጋዝ መጠን የጎንደርን ከፍታ አያውቅም። የሚያውቀው የሲሊንደሩን ሙቀት ነው። ሲሊንደሩ 10 ዲግሪ ሲሆን ግፊቱ 40 ባር ገደማ ነው (1 ባር ማለት በባሕር ወለል ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው)፤ በ20 ዲግሪ 50 ባር፤ በ30 ዲግሪ ከ60 ባር ይበልጣል። በቀዝቃዛው የጎንደር ማለዳ የተስተካከለ መኪና ረፋድ ላይ ወደ መተማ ቆላ ቢወርድ፣ በዚያው ቀዳዳ የሚወጣው ጋዝ ይጨምራል፤ ቤንዚኑ ግን በነበረበት ይቆያል። ጠዋት ልኩን የጠበቀው ድብልቅ ቀትር ላይ ነዳጅ ያጠረው ይሆናል። ባለቤቱ ምንም አልነካም፤ ሙቀቱ ነው የነካው። ስለዚህ የሲሊንደር ግፊት መለኪያ የሌለው ናይትረስ መገጠም የለበትም፤ ማስተካከያውም በሚነዳበት ሙቀት መሠራት አለበት።

ተርቦውም የራሱ ሒሳብ አለው። በባሕር ወለል 1 ባር ጨምሮ የሚገፋ ተርቦ አየሩን እጥፍ ያደርገዋል። ያንኑ ግፊት ጎንደር ላይ ለማግኘት አየሩን 2.5 እጥፍ ያህል ማድረግ አለበት። ይህ ማለት የተርቦው ዘንግ ይበልጥ ይፈጥናል፣ የሚወጣውም አየር ይበልጥ ይሞቃል። ደክሞ የሚሠራ ተርቦ ላይ ነው ናይትረሱን የምንጨምረው።

«ተርቦ ካለ ናይትረሱ ያለ ሌላ ለውጥ ይቀጠልበታል»

ሁለቱ በጣም ይዋደዳሉ፤ አስቸጋሪነታቸውም ከመዋደዳቸው ነው። ናይትረስ ሲገባ ቃጠሎው ይበዛል፤ ወደ ተርቦው የሚሄደው የጭስ ጋዝም ይጨምራል፤ ተርቦው በፍጥነት ይነሣል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ጋዙን የሚለቁት ተርቦው እስኪነሣ ላለችው ቅጽበት ብቻ ነው፤ ግፊቱ ሲሞላ ይዘጋል። ግፊቱን የሚለቀው ቫልቭ የደከመ ከሆነ ግን ተርቦው ከተወሰነለት በላይ ይገፋል። ብዙ መኪኖች ደግሞ ግፊቱ ሲያልፍ ኮምፒውተራቸው ሞተሩን ለማዳን ቤንዚኑን ይቆርጣል። ቤንዚኑ ተቆርጦ ናይትረሱ ከቀጠለ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ያመጣልኝን ሞተር አልረሳውም። መኪናው ከዳገት ላይ ጉልበቱን አጥቶ ተጎትቶ ነው የመጣው። መጀመሪያ ድብልቁን በእሳት የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታሁ። በሦስተኛው ነጭ ሸክላ ላይ እንደ ተፈጨ ጨው የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነበሩ። እነዚያ ነጠብጣቦች የቀለጠ የፒስተን አሉሚኒየም ናቸው። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ስናነሣ ፋሻዎቹ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽጉት ቀለበቶች) የሚቀመጡበት የፒስተኑ ጠርዝ ተሰባብሮ ነበር። ከውጭ በሻንጣ የመጣ መለኪያ የሌለው ናይትረስ ገጥሞ፣ በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ቀድቶ ነበር የነዳው። ቤንዚን ላይ ላምባ ከተቀላቀለ የማንኳኳት መከላከያው ይወርዳል፤ ተርቦና ናይትረስ ላይ ሲሆን ያለ ምሕረት ነው።

ስለዚህ ሳይሟሉ መጀመር የሌለባቸው ነገሮች አሉ። ቤንዚኑን ከጋዙ ጋር አብሮ የሚረጭ ዓይነት ለመንገድ መኪና ይሻላል፤ ጋዙን ብቻ የሚረጨው ሁሉንም ሸክም በመኪናው ኢንጀክተሮች (ቤንዚን በሚረጩት) ላይ ይጥላል። የነዳጅ ፓምፑ አቅም ይለካ። የቤንዚን ግፊት ሲወርድ ናይትረሱን በራሱ የሚዘጋ ማብሪያ ይገጠም፤ ከሁሉ በፊት ገንዘብ የሚወጣበት ይህ ነው። ካንዴላው ቀዝቃዛ የሚባለው ዓይነት ይሁን። የካንዴላው እሳት የሚነሣበት ጊዜ ይዘግይ፤ ባለሙያዎች ለየ50 የፈረስ ጉልበት ጭማሪ በሞተሩ ዘንግ ዙር ላይ 2 ዲግሪ ያህል እንደ መነሻ ይወስዳሉ። ጋዙም የነዳጅ መርገጫው እስከ ወለል ሲረገጥና ሞተሩ በደቂቃ ከ3000 ዙር በላይ ሲሆን ብቻ ይከፈት። በዝቅተኛ ዙር ከተለቀቀ ጋዝና ቤንዚን ማስገቢያው ውስጥ ይጠራቀምና ወደ ኋላ ይፈነዳል፤ ማስገቢያውን ሲሰነጥቅ አይቻለሁ።

«ሲሊንደሩ ከቀዘቀዘ በእሳት ይሞቃል»

በፍጹም። በ20 ዲግሪ እንኳ ግፊቱ ከመኪና ጎማ 20 እጥፍ ይበልጣል። ከ36 ዲግሪ በላይ ደግሞ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም፤ ግፊቱ በፍጥነት ያሻቅባል። በእሳት የሚነካ የሲሊንደር ብረት ይለሰልሳል፤ የውስጡ ጋዝም በሙቀት ሊበተን ይችላል። ለዚሁ የተሠራ፣ ሲሞቅ በራሱ የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ። ቆላ ፀሐይ ላይ ከሚቆም መኪና ውስጥ ሲሊንደሩን አውጡት። የደኅንነት መክፈቻውም ጋዙን ወደ መኪናው ውስጥ ሳይሆን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ይሁን። ከልክ በላይ መሙላትም ያው ነው፤ በሚዛን እንጂ በግምት አይሞላም።

«ናፍታ ሞተር ጠንካራ ስለሆነ ምንም አይሆንም»

የከተማችን ባለ ተርቦ መኪና አብዛኛው የናፍታ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ይመጣል። ናፍታ እንደ ቤንዚን አያንኳኳም። ናይትረስም የሚጠቅመው ሞተሩ ጥቁር ጭስ እስኪያወጣ ድረስ ነዳጅ ሲበዛበት ነው። ነገር ግን የውስጥ ግፊቱና የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፤ የቴስታታው ማሸጊያና ተርቦው ይከፍላሉ። በቤተሰብ ማስተዳደሪያ መኪና ላይ አልመክረውም።

«ጉልበት ያጣ ተርቦ በናይትረስ ይመለሳል»

ወደ እኔ ናይትረስ ፍለጋ ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ የጎደላቸው የራሳቸው የነበረው ጉልበት ነው። የአየር ፊልትሮ በአቧራ ታፍኗል፤ ከተርቦ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ተሰንጥቋል፤ ማሰሪያው ላልቷል። ዘይቱ ጊዜው አልፎበታል። የተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ነው፤ ዳገት ወጥታችሁ ሞተሩን ድንገት ስታጠፉ ዘይቱ እዚያው ይቆማል፣ ይቃጠላል፣ ከሰል ይሆናል። ደባርቅ ስትደርሱ ሻይ ከማዘዛችሁ በፊት ሞተሩን ሳታጠፉና ነዳጅ ሳትረግጡ አንድ ሁለት ደቂቃ ተዉት።

«ትንሽ ብቻ ነው፤ በከተማ መንገድም ችግር የለውም»

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ያለውን መንገድ የምታውቁ ሁሉ በላዩ ማን እንዳለ ታውቃላችሁ፦ ባጃጅ፣ አህያ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች። የሞተሩን ጉልበት በአንድ ጊዜ የሚያሳድግ ነገር ፍሬኑንና ጎማውን አብሮ አያሳድግም። ናይትረስን በደኅና መጠቀም ማለት ከሰው መንገድ ውጭ፣ በተዘጋና በተፈቀደ ቦታ መጠቀም ማለት ነው። እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

የዚያን ቀን ወጣቱና እኔ የአየር ቱቦዎቹን ዘግተን በኮምፕሬሰር ትንሽ ግፊት ሰጠናቸው፤ የሳሙና አረፋም ቀባንባቸው። ከተርቦው በታች ባለው ጎማ መታጠፊያ ላይ አረፋው ፈላ። ስንጥቁ የጣት ርዝመት ነበረው። ጎማውን ቀየርን፣ ማሰሪያውን አጠበቅን፣ ፊልትሮውን አወጣንና ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው፤ የአዘዞ አቧራ ሞልቶበት ነበር። በማግስቱ ጠዋት አምባ ጊዮርጊስ ደርሶ ሲመለስ፣ የግፊት መለኪያው መርፌ የት እንደደረሰ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ አሳየኝ።