ዳይኖሰር ምንድን ነው? አጥንቱ አንድ፣ ግምቱ ብዙ

ዳይኖሰር ሲባል ብዙ ሰው ዓይነ ሕሊና ላይ ድቅን የሚለው ግዙፍ፣ ጥርሱ የሾለ፣ ምድር የሚያንቀጠቅጥ አውሬ ነው። እንዲህ ያሉም ነበሩ። ግን ዳይኖሰርን ዳይኖሰር ያሰኘው ትልቅነቱ አይደለም። ዶሮ የሚያክሉም ነበሩ።

ቁም ነገሩ ያለው ዳሌው ላይ ነው። እንሽላሊት ስትሄድ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ እግሮቿ ወደ ጎን ተንፈራጥጠው ነው ሰውነቷን የሚሸከሙት። የዳይኖሰር እግር ግን ከሆዱ ሥር ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ ይቆማል። የጭኑ አጥንት ራስ የሚገጥምበት የዳሌ ጎድጓዳም ወለል የለውም፤ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ቀዳዳ ነው። በዚያው ዘመን ሰማይ ላይ ይበሩ የነበሩት ቴሮሰሮችና ባሕር ውስጥ ይዋኙ የነበሩት አንገተ ረጃጅሞቹ ፕሌሲዮሰሮች ዳይኖሰር አይደሉም። በልጆች መጫወቻ ሣጥን ውስጥ አብረው ስለሚታጨቁ ነው የምንቀላቅላቸው።

ዘመናቸው ከ230 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ድረስ ነው። ሰው ከዳይኖሰር ጋር አብሮ ኖሯል ብሎ የሚያምን ዛሬም አለ። አልኖረም። እነሱ ራሳቸውስ መቼ ሁሉም ተገናኙና! ጀርባው ላይ ሰሌዳ የተደረደረለት ስቴጎሰር የኖረው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ግዙፉ ሥጋ በል ታይራኖሰር የመጣው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ በታይራኖሰርና በእኛ መካከል ካለው ይበልጣል።

አጥንታቸውን ግን ሰው ያገኘው ምን እንደሆነ ከማወቁ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ቻይና ውስጥ ከመሬት የሚወጣ የጥንት አጥንት የዘንዶ አጥንት ተብሎ እየተፈጨ መድኃኒት ሆኗል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሮበርት ፕሎት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1677 ስለ አንድ ትልቅ የጭን አጥንት ቁራጭ ጻፈ። መጀመሪያ ሮማውያን ያመጡት ዝሆን ይሆን ብሎ አሰበ። ከዝሆን አጥንት ጋር ሲያስተያየው አልመሰለውም። ስለዚህ የግዙፍ ሰው፣ የረዓይት አጥንት ነው አለ። እኔ አልፈርድበትም። የሚያውቀው ዓለም ውስጥ ያን የሚያክል ጭን ያለው ሌላ ማን ነበር? አስተያይቶ መፈተኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አጥንቱ ዛሬ የለም። ሥዕሉ ግን ቀርቷል፤ ባለሙያዎች ያን ሥዕል አይተው የሥጋ በል ዳይኖሰር ጭን ነው ይላሉ።

ዳይኖሰር የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው የእንስሳት አካል ሊቅ ሪቻርድ ኦወን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1842። ከግሪክኛ የተገጣጠመ ሲሆን «አስፈሪ እንሽላሊት» እንደማለት ነው። ያኔ በእጁ የነበሩት ሦስት ዓይነት እንስሳት ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ኢጓኖዶን ነበር። ከአጥንቶቹ ጋር አንድ ሾጣጣ ነገር ተገኝቶ ስለነበር የዘመኑ ሊቃውንት ቀንድ መስሏቸው አፍንጫው ላይ ሰኩት። በ1854 ለንደን ውስጥ የቆመው ሐውልቱ ዛሬም ቀንዱን አፍንጫው ላይ እንደያዘ አለ። በ1878 የቤልጂየም የከሰል ቆፋሪዎች ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ያልተበታተኑ አጽሞች ሲያገኙ ነገሩ ጠራ። ሾጣጣው ለካ አውራ ጣቱ ነው!

ዘመናቸው ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አበቃ ያልኩት ላይም እርማት አለኝ። በ1996 ቻይና፣ ሊያኦኒንግ ውስጥ የተገኘ ትንሽ ዳይኖሰር ከጀርባው እስከ ጅራቱ እንደ ጫጩት ላባ ያለ ነገር ለብሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ላባ ያላቸው ብዙ ተገኝተዋል። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የሰማይ አለት ሜክሲኮ አጠገብ ወድቆ አብዛኞቹን ሲፈጃቸው አንድ ዘር ተረፈ። ወፎች የዚያ ዘር ልጆች ናቸው። መስኮታችሁ ላይ የምታርፈው ወፍ ዳይኖሰር ናት ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካኝ ግን የኦቪራፕተር ታሪክ ነው። በ1923 ሞንጎሊያ፣ ጎቢ በረሃ ውስጥ አጽሙ ከእንቁላሎች ጋር ተገኘ። እንቁላሎቹ ፕሮቶሴራቶፕስ የሚባል የሌላ ዳይኖሰር ናቸው ተባለ። ታዲያ ይኼኛው እዚያ ምን ይሠራል? ሊሰርቅ መጥቶ ነው! በዓመቱ አሜሪካዊው የጥንት እንስሳት ተመራማሪ ሄንሪ ፌርፊልድ ኦዝበርን «እንቁላል ነጣቂ» የሚል ስም አወጣለት። ኦዝበርን ራሱ ስሙ ሊያሳስት እንደሚችል በዚያው ጽሑፉ አስጠንቅቆ ነበር። ማን ሰምቶት? ወሬው ተዛመተ፤ ሠዓሊዎችም ለአሥርት ዓመታት እንቁላል ይዞ ሲሮጥ ሣሉት።

በ1993 እዚያው ጎቢ ውስጥ ተመሳሳይ እንቁላል ተገኘ፤ ውስጡ ፅንስ አለ። የፕሮቶሴራቶፕስ ፅንስ አልነበረም። የኦቪራፕተር ወገን ነው። ቀጥሎም የቅርብ ዘመዱ አጽም እጆቹን እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ እግሮቹን አጥፎ፣ በክብ የተደረደሩ እንቁላሎች ላይ እንደተቀመጠ ተገኘ። እንደ ዶሮ ታቅፎ ሳለ አሸዋ ቀብሮታል። ጥሎ አልሄደም።

በእንስሳት ስያሜ ሕግ ግን መጀመሪያ የወጣ ስም ትርጉሙ ስህተት ሆነ ተብሎ አይሻርም። ስለዚህ ኦቪራፕተር እስከ ዛሬም «እንቁላል ነጣቂ» ነው።