በቀን የሚፈቀድ መጠን ምንድን ነው?

ቲማቲም ላይ የኬሚካል ቅሪት ተገኘ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የምንጠይቀው "ታዲያ ይጎዳል ወይ?" ብለን ነው። ባለሙያዎች ይህን ለመመለስ መጀመሪያ የሚይዙት ቁጥር በቀን የሚፈቀድ መጠን ይባላል። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ቢወስደው ይህ ነው የሚባል ጉዳት አያመጣበትም ተብሎ የሚታሰብ መጠን ነው። የሚሰላውም ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ነው።

ኤቴፎንን እንውሰድ። የዕፅዋትን ዕድገት ከሚቆጣጠሩ ኬሚካሎች አንዱ ነው። ተክሉ ውስጥ ሲገባ ኤትሊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ቲማቲም ሲበስል ራሱም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ኤቴፎን የተረጨበት ማሳ ፍሬው በአንድ ላይ ስለሚቀላ ለቀማው ይቀላል። ነገር ግን ኤቴፎን በብዛት ወደ ሰው ከገባ ኮሊንኤስተሬዝ የተባለውን የደም ኢንዛይም ያዳክማል።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ለእንስሳት የተለያየ መጠን እየተሰጠ ጉዳት ያልታየበት ትልቁ መጠን ይለያል። ከዚያ ለ100 ይካፈላል። ሰው ከእንስሳው ይልቅ በቀላሉ ሊጎዳ ስለሚችል 10 ጊዜ፣ ሰውና ሰውም አንድ ስላልሆነ ሌላ 10 ጊዜ ይቀነሳል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጋራ ባለሙያዎች ለኤቴፎን ያስቀመጡት ጣሪያ በኪሎ ክብደት 0.05 ሚሊ ግራም ነው።

አሁን እናስላው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በአንድ ኪሎ ቲማቲም ላይ እስከ 2 ሚሊ ግራም ኤቴፎን ይፈቅዳል። ቲማቲሙ ይህን ሁሉ ይዟል እንበል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 200 ግራም ቢበላ 0.4 ሚሊ ግራም ይወስዳል። የሚፈቀድለት 3 ሚሊ ግራም ስለሆነ ገና 13 በመቶ ገደማ ላይ ነው። 12 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን ግን 100 ግራም ብቻ በልታ የድርሻዋን ሲሶ ትጨርሳለች። አዋቂን ብቻ ይዞ "ችግር የለውም" የሚል ግምገማ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው። ልጆች ለብቻቸው መሰላት አለባቸው።

የምንበላው መጠንም እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ይለያያል። በጾም ወራት ስልሱም፣ ቲማቲም ፍትፍቱም፣ ሰላጣውም በየቀኑ ማዕድ ላይ ነው። የሌላ አገር ሰው አመጋገብ ተይዞ የተሠራ ስሌት የእኛን ሁዳዴ አያሳይም።

አንድ ክፍተትም አለ። ስሌቱ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ለአንድ ኬሚካል ለብቻው ነው። አንዳንድ የተባይ ማጥፊያዎችም ያንኑ ኢንዛይም ያጠቃሉ። ከቲማቲሙም፣ ከጎመኑም፣ ከቃሪያውም የሚመጣው ተደምሮ መታየት ይኖርበታል።

ቲማቲሙን በሚፈስ ውሃ አሽቶ ማጠብ ከላይ ያለውን ይቀንሳል። ወደ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣም፤ እሱ የሚወሰነው ማሳው ላይ በተረጨው መጠንና ከርጭቱ እስከ ለቀማው ባሉት ቀናት ነው።