ጠፋ የተባለው ጸሎት ቤት ማድ ቤት ሆኖ ነበር

በእንግሊዝ አገር፣ ሰቨርን ወንዝ አጠገብ ዲርኸርስት የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚያ ከአንድ አሮጌ የገበሬ ቤት ጋር ተጣብቆ የቆመ የድንጋይ ጸሎት ቤት ይገኛል። የኦዳ ጸሎት ቤት ይሉታል። የተቀደሰው በ1056 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኖርማኖች እንግሊዝን ከመያዛቸው 10 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ለረጅም ዘመን ግን ጸሎት ቤት መሆኑ ተረስቶ ሰው ይኖርበት ነበር። ስለ እንዲህ ዓይነት ሕንፃዎች ደጋግመው የሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች አሉ። አብዛኞቹን ይህች ትንሽ ሕንፃ ብቻዋን ታስተባብላለች።

«ጸሎት ቤት መኖሪያ ከሆነ አለቀለት»

ዲርኸርስት ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ምእመናን ይቆሙበት የነበረው ክፍል ማድ ቤት ሆነ። መቅደሱ ደግሞ መኝታ ቤት ሆነ። ሰው ስለሚኖርበት ጣሪያው ሲያፈስ ዝም አይባልም፤ ዝናቡ የሚወርደው አልጋ ላይ ነዋ! አሮጌ የድንጋይ ሕንፃን የሚጨርሰው ውሃ ነው። ጣሪያው ከሄደ ግድግዳው ይከተላል። የቀረውን ድንጋይ ደግሞ የአካባቢው ሰው አጥርና በረት ይሠራበታል።

በዚያው አካባቢ ሰው ያልገባባቸው ምን እንደደረሰባቸው ማየት ይበቃል። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1530ዎቹ መጨረሻ ገዳማቱን ሲዘጋ የኢቭሻምና የዊንችኮምብ ታላላቅ የገዳም አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ። ኢቭሻም ላይ የደወሉ ማማ ተርፏል። ዊንችኮምብ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ነገር ከመሬት በላይ የለም። ርዝመቷ 8 ሜትር የማይሞላ አዳራሽ ያላት የኦዳ ጸሎት ቤት ግን ግድግዳዋ እስከ ላይ ቆሟል። ለእኔ ያተረፋት ምድጃው ነው።

«ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ስለ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ነው»

ይህን ስህተት የሠሩት የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት መቶ ዓመት ያህልም ቆይቷል።

በ1675 መንደሩ ውስጥ የላቲን ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ ተገኘ። ጽሑፉ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ መስፍኑ ኦዳ ይህ ሕንፃ እንዲሠራና በሥላሴ ስም እንዲቀደስ ያዘዘው በዚህ ስፍራ ላረፈው ወንድሙ ለኤልፍሪክ ነፍስ ነው። የቀደሰው ጳጳሱ ኤልድሬድ ነው። ቀኑ ኤፕሪል 12፣ ዘመኑም ንጉሥ ኤድዋርድ በነገሠ በ14ኛው ዓመት ነው። እንዲህ ቀንና ስም ያለው ጽሑፍ ከዚያ ዘመን የሚገኘው ስንቴ ነው? ተዝካር ለሚያወጣ ሰው የኦዳ ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

ታዲያ በዚያን ጊዜ በመንደሩ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን አንድ ብቻ ነበር፤ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን። ከገበሬው ቤት ጥቂት እርምጃ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ የእሱ ነው ተባለ። ቅድስት ማርያም ግን ከኦዳ በጣም ትቀድማለች። በዲርኸርስት ገዳም እንደነበረ በ804 የተጻፈ ሰነድ ይመሰክራል።

ነገሩ የጠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የገበሬው ቤት ሲጠገን ምርጊቱ ተነሳ። ከሥሩ የጥንት መስኮትና የመቅደሱ ቅስት ብቅ አሉ። የደብሩ ቄስ ጆርጅ በተርዎርዝ ምን እንዳገኙ ገባቸው። እዚያው ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ያለው ድንጋይ ተገኘ፤ እሱም በሥላሴ ስም ስለተቀደሰ መሠዊያ የሚናገር ነው። የሁለቱ ድንጋዮች ቃል ገጠመ። የመጀመሪያው አሁን ኦክስፎርድ በሚገኘው አሽሞሊያን ሙዚየም አለ፤ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ያለው ቅጂው ነው።

ኦዳ ጸሎት ቤቱን ብዙ አልጸለየበትም። በዚያው ዓመት ኦገስት 31 አረፈ። ኤልድሬድ ደግሞ የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ በ1066 በገና ዕለት ለኖርማኖቹ መሪ ለድል አድራጊው ዊልያም ዘውድ ጫነ።

«የገቡበት ሰዎች እምነት የሌላቸው ነበሩ»

ይህ ፍርድ ያናድደኛል። መንደሩ የሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ነበረው። መነኮሳቱ ሄደዋል። ትንሿ ጸሎት ቤትም ለጸሎት አታስፈልግም ነበር። ጠንካራ ግድግዳ ያለው ደረቅ ቤት ባዶውን ቆሞ ሲገኝ ገበሬ ቢገባበት ምን ይገርማል?

«ቅስት ያለው አሮጌ ቤት ሁሉ ጸሎት ቤት ነበር»

አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ሀብታም ሰው ለቤቱም ቅስት ያሠራ ነበር። ከፈረሰ ገዳም የተገዛ መስኮትም ጎተራ ላይ ሊገጠም ይችላል። አንድ ጌጥ ብቻውን ምስክር አይሆንም። መታየት ያለበት አሠራሩ ነው። ኦዳ ጸሎት ቤት ላይ የማዕዘን ድንጋዮቹን ተመልከቱ፤ አንዱ ረጅም ሆኖ ቆሟል፣ በላዩ ያለው ተጋድሟል፣ እንደገና አንዱ ቆሟል። መስኮቶቹ ከውስጥም ከውጭም ሰፍተው መሃል ላይ ይጠባሉ። እንዲህ የሚሠሩት ከኖርማኖች በፊት እንግሊዝን የያዙት አንግሎ ሳክሶኖች ነበሩ። ከዚያ የሕንፃው ቅርጽ ይታከላል፤ ትልቅ ክፍል፣ ቅስት፣ በስተምሥራቅ ትንሽ ክፍል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ መጠርጠር ይቻላል።

«አሮጌ መጽሐፍ ከጠቀሰው፣ ያው ሕንፃ ነው»

ብራድፎርድ ኦን ኤቨን በምትባል ከተማ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የቅዱስ ሎሬንስ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ጎጆ ቤት፣ አዳራሹ ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። በ1850ዎቹ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን የለዩት ቄሱ ዊልያም ጆንስ ናቸው። ውስጡ ከቅስቱ በላይ ሁለት የሚበሩ መላእክት ተቀርጸዋል፤ ቅስቱ ራሱ ስፋቱ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ የማልምስበሪው ዊልያም፣ በ700 አካባቢ የኖረው ጳጳስ ቅዱስ አልድሄልም በብራድፎርድ ያሠራው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ጽፏል። ስለዚህ ሕንፃው የተሠራው በ700 ገደማ ነው ተባለ። ዛሬ አብዛኞቹ ባለሙያዎች አሠራሩን አይተው ወደ 1000 ገደማ ያመጡታል። መጽሐፉ ስለ ቦታው እውነት ሊናገር ይችላል፤ ግድግዳው ግን የራሱ ዕድሜ አለው።

«ማደስ ማለት የኋለኛውን ነቅሎ መጣል ነው»

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች በብዛት እንዲህ ያስቡ ነበር። ጥንታዊውን ለማግኘት ጭስ ማውጫውን፣ ወለሉን፣ መደርደሪያውን ያነሱታል። ሳይመዘገብ የተነቀለ ምድጃ ደግሞ አይመለስም፤ እዚያ የኖሩ ሰዎች ታሪክም አብሮት ይሄዳል። ዲርኸርስት ላይ የእንጨት ማገር ያለው የገበሬው ቤት አለመፍረሱ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬም ከጸሎት ቤቱ ጋር እንደተያያዘ ቆሟል፤ ሰውም ይኖርበታል። ጸሎት ቤቱን የሚንከባከበው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው። ጎብኚ አንድ ግቢ ውስጥ የ1056ቱን ድንጋይና የገበሬውን እንጨት ጎን ለጎን ያያል።