ኢልዋ ማለት ምን ማለት ነው?

«ኢልዋ» በክሪዮል ቋንቋ «የደሴት ሰው» ማለት ነው። በሕንድ ውቅያኖስ መሀል፣ ከየትኛውም ዋና ምድር ርቀው በሚገኙት የቻጎስ ደሴቶች ተወልደው ያደጉ ሰዎች የሚጠሩበት ስም ነው። የብሪታንያ መንግሥት ግን እንዲህ የሚባል ሕዝብ የለም ለማለት ብዙ ደክሟል።

ቅድመ አያቶቻቸውን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ በባርነት ያመጧቸው ፈረንሳዮች ናቸው። ሥራቸው የኮኮናት እርሻ ነበር። ባርነት ሲቀር እነሱ እዚያው ቀሩ። ወለዱ፣ ከበዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። እትብታቸው የተቀበረው እዚያ ነው፤ ሙታናቸውም ያረፉት እዚያው።

በ1960ዎቹ አሜሪካ ለጦር ሰፈር የሚሆን ቦታ ስትፈልግ ዓይኗ ትልቋ ደሴት ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ አረፈ። ሰው እንዳይኖርባትም ፈለገች። ብሪታንያ በ1965 እ.ኤ.አ. ቻጎስን ያኔ ቅኝ ግዛቷ ከነበረችው ከሞሪሸስ ቆርጣ አዲስ ቅኝ ግዛት አደረገችው። ለሞሪሸስ የከፈለችው 3 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።

አንድ ችግር ግን ቀረ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ቅኝ ገዢ አገር የነዋሪዎችን ጥቅም እንዲያስቀድም ያስገድዳል። ነዋሪ ከሌለስ? ግዴታም የለም። ስለዚህ የለንደን ባለሥልጣናት ኢልዋዎቹን «የኮንትራት ሠራተኞች» አሏቸው። በቃ። የኮንትራት ሠራተኛ ሥራው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይሸኛል። የእነዚህ ሰዎች አገር ግን እዚያው የቆሙበት ነበር። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ይህ ነው፤ ጥይት ሳይተኮስ፣ በአንድ ቃል ሰውን አገር አልባ ማድረግ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደዚሁ የታቀደ ነው። ለሕክምና ወይም ዘመድ ሊጠይቅ ሞሪሸስ የሄደ ሰው መመለሻ መርከብ ተከለከለ። ወደ ደሴቶቹ የሚላከው ምግብ እየቀነሰ መጣ። ውሾቻቸውን በጭስ አፍነው ገደሉባቸው። እስከ 1973 ድረስ የቀሩትም በመርከብ ተጭነው ሞሪሸስና ሲሼልስ ላይ ተጣሉ። በጠቅላላው ከ1,500 እስከ 2,000 ሰው ይሆናል። በስደት የሞቱባቸውን ሲያነሱ «በሳግሬን ሞተ» ይላሉ፤ ሐዘን ገደለው ማለት ነው። ሞሪሸስ ውስጥ «ኢልዋ» የሚለው ስም ራሱ መሰደቢያ ሆነ። ዛሬ ብዙዎቹ ቻጎሳውያን መባልን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

በ2000 የለንደን ፍርድ ቤት መባረራቸው ሕገወጥ ነው ብሎ ፈረደላቸው። መንግሥት በ2004 ፓርላማ ሳያማክር፣ በንግሥቲቱ ስም በወጣ ትእዛዝ በሩን መልሶ ዘጋው። በ2019 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ብሪታንያ ደሴቶቹን ባስቸኳይ እንድትለቅ አስተያየቱን ሰጠ። በግንቦት 2025 ብሪታንያና ሞሪሸስ ስምምነት ፈረሙ። በስምምነቱ ሉዓላዊነቱ ለሞሪሸስ ይመለሳል፤ የጦር ሰፈሩ ግን ለ99 ዓመት በኪራይ ይቆያል። ሞሪሸስ ሰው ማስፈር የምትችለው በሌሎቹ ደሴቶች ላይ ነው። ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ አይቻልም።